ለእናትየው የሰጠሁት ፎልደር

ሰኔ 17 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጤና ጣቢያው በሰው ታፍኖ ዋለ። ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ስለነበር ሰዉ ሁሉ በረንዳው ላይ ተጠጋግቶ የካርድ ክፍሉን መስኮት ደፈነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ወልዳ ከቀረች ሁለት ወር አለፋት፤ ምትክ የለም። ካርድ የሚያደርስ ሰውም የለም። ካርዱን ለታካሚው ራሱ እየሰጠሁ «ይዘህ ክፍል ሦስት ግባ» ስል ነው የምውለው።

ጎረቤታችን ያለምወርቅ ለደም ግፊቷ መጥታ ነበር። የቤት ቁጥሯን በቃሌ ስለማውቀው ሳልጠይቃት አወጣሁላት። ካርዷን ለመነጠል ጊዜ ስላልነበረ ሙሉውን ፎልደር ሰጠኋት። ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል። ፎልደሩን መስኮቱ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ደህና ይዋሉም አላለችኝ። ግፊቷ ጨምሮ ይሆናል።

ልጄ ሮዳስ ፋብሪካ ፈረቃ ገብታለች። ለሰኔ ጾም የሠራችልኝን ሽሮ ብቻዬን በላሁ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ግፊት አይደለም።

ከያለምወርቅ ግቢ ጩኸት ሰምቼ ነበር። ሮዳስ ከቂሊንጦው ስፌት ፋብሪካ ስትመለስ አጣርታ መጣች። ያለምወርቅ የልጇን ጸጉር በመቀስ ሸልታዋለች። ዮዲን። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሰሞን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ነው።

«ምን አድርጋ?» አልኳት።

«አንተ ታውቃለህ ብዬ ነበር እኮ አባዬ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ካርዷን እናቷ አይታው ነው። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋበትን። ከእናንተ ጋ።»

በእኛ ካርድ ክፍል አንድ ቤት አንድ ፎልደር ነው። የአባት፣ የእናት፣ የልጅ፣ ሁሉም በቤት ቁጥር አብሮ ይቀመጣል። ሰው የካርድ ቁጥሩን ይረሳል፣ የቤት ቁጥሩን ግን አይረሳም ብዬ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኔ ነኝ ያመጣሁት። ሩብ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ፍለጋ ሁለት ደቂቃ ሆነ። የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ በፍሬም ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ተሰቅሏል። እና የልጅቷ ካርድ ከእናቷ ካርድ ጋር ነበር። አሠራሩ ነው። የሰው ብዛት ነው። ለአንድ ሽማግሌ የሦስት ሰው ሥራ ጭነው ምትክ ያልላኩት ናቸው ተጠያቂዎቹ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ተፈታኞቹ ዛሬ በአውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተጫኑ። ዮዲ አልሄደችም። እናቷ «ደጄ ላይ ሆና እንዲህ ካደረገች፣ እዚያ አድራ ምን ይዛልኝ ልትመጣ ነው?» አለች አሉ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማረች ልጅ! ክረምት ከበጋ ያን ጭቃ ስታቋርጥ አይቻታለሁ። ቅዳሴው ላይ ቆሜ ንዴቴ አልበርድ አለኝ፤ ምን እንደተነበበ አልሰማሁም። እናት ናት ይህን የምታደርገው? አንድ መርፌ የልጅን ዓመት ያስጥላል?

ሄጄ ልናገራት ይገባ ነበር። ጉልበቴን ሲያመኝ ስለዋለ አልሄድኩም። የሷ ቤት ከኛ ቤት ሦስተኛው ነው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ጾም ተፈታ። ማኅበራችን የአቦ ነው፣ በየወሩ በአምስት። ተራው የዱጉማ ስለነበር እሱ ቤት ተሰበሰብን። ከዱጉማ ጋር ማኅበር ስንጠጣ ሃያ ዓመታችን ነው፤ አባቱ እዚሁ አቃቂ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ መጋዘን ቆሟል።

ጸሎት እንዳበቃ ያለምወርቅ ተነሣች።

«ጋሽ አሻግሬ ባይኖሩ ልጄ ጠፍታብኝ ነበር። አፍ አውጥቶ መናገሩ ቢከብዳቸው በዘዴ አሳዩኝ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንዷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «ኧረ እንደዚያ አይደለም» ልል አፌን ከፈትኩ። ዱጉማ ግን ዳቦውን እየቆረሰ ነበር፤ «እንካ፣ ዛሬ ትልቁ ቁራሽ ያንተ ነው!» ብሎ እጄ ላይ አኖረው።

በላሁት።

በዘዴ አሳዩኝ! እኔ ዘዴ የለኝም። አጋጣሚ ነው። እንዳልናገር ግን ምን ያዘኝ? ሲያመሰግኑኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያስጠላል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ዱጉማ መስኮቱ ጋ መጣ። «እስቲ የኛን ቤት አውጣው።»

«አሞሃል እንዴ?»

«እኔ ደህና ነኝ። የሩትን ካርድ እይልኝ። መርፌ ምናምን ካለ ንገረኝ።»

«ዱጉማ፣ የሰው ካርድ አላሳይም።»

«የምን ሰው? ልጄ ናት እኮ! ለያለምወርቅ አሳይተህ ለኔ ስትከለክል ምን ማለትህ ነው? እኔ ማኅበርተኛህ አይደለሁም?»

ከኋላው የቆመ የከባድ መኪና ሾፌር «ጋሼ፣ እግረ መንገድዎን የኔን ሚስት ይዩልኝ!» አለ። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ዱጉማ አልሳቀም። «ቆይ» ብሎኝ ሄደ።

እሱ ሦስተኛው ነው። ትናንት አንዲት እናት መጥታ ነበር፤ ከሰዓት ደግሞ ወንድም ነኝ ባይ የእህቱን። ከእህቱ በምን በልጦ ነው የእህቱን ካርድ የሚያየው? እግር በእግር መከታተሉ አልበቃ ብሎት! ጮኽኩበት። ጢሙ ገና በቅጡ ያልወጣ ጎረምሳ «ሽማግሌው ሥራዎን ይሥሩ» አለኝ። ሥራዬ ይህ መስሎታል።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ሲስተር ፈርዶሳ፣ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሏ ነርስ፣ በምሳ ሰዓት ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ልጆቼን ምን አደረጉብኝ?»

«ምን አደረግኩ?»

መዝገቧን ዘርግታ አሳየችኝ። በሰኔ መጀመሪያ ዐሥር ቀን አርባ አንድ ወጣት። በሐምሌ ዐሥር ቀን ስድስት። «ስድስቱም ባል ያላቸው ናቸው» አለች። «ሌሎቹ አልጠፉም፤ ፈርተው ነው። ልጅቷ ራሷ ከመጣች በቂ ነው፤ እናትሽን ጥሪ የሚል መመሪያ የለም። እኔ በር ዘግቼ፣ መጋረጃ ጋርጄ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አናግራታለሁ። እርስዎ በመስኮት ይሰጡታል።»

«የሰው ብዛት ነው እኮ ሲስተር፤ ብቻዬን…»

«የዮዲ ቀጠሮ ሐምሌ 18 ነው» አለችና አቋረጠችኝ። «መርፌው የሚሠራው ሦስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ…» አልጨረሰችውም።

በመስኮት ይሰጡታል። ከሰዓት በኋላ ካርድ ባወጣሁ ቁጥር ይህ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ኃላፊው ጋ ገባሁ፤ አቶ ዘካሪያስ ጋ። ራሳቸው ለመጡ ሴቶች ካርድ ለብቻው መሳቢያ ይኑረው፣ ቤት ቁጥር አይጻፍበት፣ ቁልፉ ሲስተር ጋ ይሁን አልኩ።

«ጋሽ አሻግሬ፣ ይህ እኮ የርስዎ ሥራ ነው። ከስንት ቦታ መጥተው ልምድ ወስደውበታል። አሁን ላፍርሰው ነው የሚሉኝ?»

«ልጆቹ ቀሩ።»

«ቢቀሩስ? ዕድሜያቸው ነው እንዴ? ወላጆች ቢሰሙ ምን ይሉናል?»

ከጭንቅላቱ በላይ አንዲት ልጅ የምትስቅበት ፖስተር ተለጥፏል፤ «ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት» ይላል። ምቹ! ለማን? ቁጥሩ ሲወርድ ደግሞ ሲስተርን በስብሰባ የሚያሸማቅቃት እሱ ራሱ ነው። ወጥቼ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

አልመጣችም። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ሮዳስ ዛሬ ዕረፍቷ ነው። ልብስ እያሰጣች፣ ፀሐይ ደግሞ ወጣ እያለች ስትደበቅ፣ ዮዲ ቂሊንጦ እነሱ ጋ ስፌት እንደገባች ነገረችኝ። ቤት ከምትቀመጥ ብላ እናቷ ፈቅዳላታለች።

«ታዲያ ከፈረቃ ስትወጣ ለምን ብቅ አትልም?»

«የት?»

«ጤና ጣቢያ ነዋ።»

ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «አባዬ፣ መስኮቱ ላይ ማን አለ?»

ቀጣዩን ልብስ አቀበልኳት።

«የሠፈሩ ሴቶች ሳሪስ ነው የሚሄዱት። ሁለት ታክሲ ይዘው። ከፈረቃ ወጥተው እስኪደርሱ ይዘጋል፤ ሳይወጉ የሚመለሱ አሉ። ከዚያ ሲያረግዙ ደግሞ ባለጌ ይባላሉ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ቆይቷል። ከዮዲ በፊትም እንደዚያው ነው። አንተ ካርዱን ባታሳይም ፊትህ ይናገራል። ‹በዚህ ዕድሜሽ?› ትላለህ።»

«እኔ ብዬ አላውቅም።»

«ትላለህ አባዬ።» ሸሚዜን አራግፋ ሰቀለችው።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቀች አልጠየቅኳትም። ጓደኞቿ ነግረዋት ይሆናል፤ ፋብሪካው ሴት ብቻ ነው። በኛ ቤት ፎልደር ውስጥ ያለው የሮዳስ ካርድ አንድ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ለቶንሲል የመጣችበት። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ሁልጊዜ ባየሁት ቁጥር ልቤ ደስ ይለው ነበር።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ለንስሐ ወደ መምሬ የሺዋስ ሄድኩ። እዚያ የተናገርኩትን እዚህም ልጽፈው። በዚህ ደብተር ላይ ዋሽቻለሁ።

ሙሉ ፎልደር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። የቱንም ያህል ሰው ቢበዛ የሰውየውን ካርድ ብቻ ነው ነጥዬ የምሰጠው፤ እጄ ለምዶታል። ሰኔ 17 ቀን የያለምወርቅን ስፈልግ የዮዲን ካርድ አየሁት። የመርፌውን ቀን አነበብኩ። ይህች ልጅ፣ እፊቴ ያደገች፣ አልኩ። ከመጨረሻ ነበረ። ከላይ አደረግኩት። ከዚያ ሙሉውን ሰጠሁ። በአፌ አልተናገርኩም፤ ስለዚህ ኃጢአት የለብኝም ብዬ ነበር።

መምሬ ስለ መርፌው የሚሉትን አሉ፤ እንደጠበቅኩት ነው። ከዚያ ግን «እኔ እዚህ የሰማሁትን ነገ ለዱጉማ ብነግረው ምን ትለኛለህ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ እርስዎማ…»

«አንተስ?»

ስግደት አዘዙልኝ። ስነሣ «ስግደቱ ላንተ ነው። ለልጅቷስ ምን ታደርግላታለህ?» አሉኝ።

ባለቤቴ በላይነሽ ስትሞት ሮዳስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለተኛውን ስትወልድ ነው። ከሮዳስ በኋላ በሐኪም ይብቃሽ ተብላ ነበር። ትራሷ ሥር የነበረውን ክኒን አግኝቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ይህን ለመምሬ አልነገርኳቸውም። ሌላ ጊዜ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ብቻዬን ገባሁ። ራሳቸው የመጡ ሴቶች፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ካርድ። ከየቤቱ ፎልደር አወጣሁ። ቤት ቁጥር የለ፣ የአባት ስም የለ፤ ቁጥር ብቻ። የብረት መሳቢያ። ቁልፉን ለሲስተር ፈርዶሳ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀመስኩም። ጀርባዬ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

የማኅበሩ ተራ የያለምወርቅ ነበር። ዮዲ ፈረቃ ላይ ናት። ጸሎቱ እንዳለቀ፣ ወንበሬን ይዤ ተነሣሁ።

«ባለፈው ወር ያመሰገናችሁኝ በጥፋቴ ነው። ካርዱን አውቄ ነው የሰጠሁት። ለመስጠት መብት አልነበረኝም።»

«እንዴት ነው ጥፋት የሚሆነው?» አለች ያለምወርቅ። «እናቷ እኮ ነኝ። ከኔ ተደብቆ ለማን ሊነገር ኖሯል?»

«ለማንም።»

«ጉድ እኮ ነው! ብታረግዝልኝ ደስ ይልዎት ነበር?»

«እንዳታረግዝ ብላ እኮ ነው የመጣችው።»

ዱጉማ «አሻግሬን ጾሙ ከብዶታል» አለ። ሳቁ። ባለፈው ወር ለኔ የተገለጠ ጥርስ ሁሉ ዛሬም ያው ጥርስ ነው።

ያለምወርቅ ግን አልሳቀችም። «እኔን በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው የዳሩኝ» አለች። «ማን ምን ፈለግሽ አለኝ? ይህቺ ትማርልኝ፣ እንደኔ አትሁን ብዬ ነው የሰው ልብስ ሳጥብ ያረጀሁት።»

«ታዲያ ከፈተናው ማን አስቀራት?»

መልሷን አልጠበቅኩም።

«እኔና አንቺ ነን» አልኳት።

«ይውጡልኝ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ከቤቴም፣ ከማኅበሩም ይውጡልኝ።»

ወጣሁ። ማንም ተው፣ ቆይ አላለኝም። መምሬ የሺዋስ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ «ያለ ፈቃድ የታካሚ መዝገብ በማንቀሳቀስ» ይላል። በሦስት ግልባጭ። ሰኔ 17 ቀን የአንዲትን ልጅ ምሥጢር አውጥቼ ሜዳ ላይ ስጥለው ግማሽ ገጽ የጻፈልኝ የለም። ነሐሴ 3 ቀን ምሥጢሩን ስቆልፍ ግን ማኅተም ተገኘ! ፈረምኩ። ከፊርማዬ በታች ይህንኑ ጻፍኩበት። አቶ ዘካሪያስ አነበበና «ምን ነካዎት ጋሽ አሻግሬ፣ ጡረታዎ እኮ ደርሷል» አለኝ።

ካርዶቹን ወደነበሩበት መልሱ ብሎ ሲስተርን ቁልፉን ቢጠይቃት «ጠፋብኝ» አለችው። አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ እያየሁት።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሦስት ልጃገረዶች መጡ። ቁጥር ብቻ ነገሩኝ፤ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ወደ ሲስተር ላክኳቸው። ቀና ብዬ አላየሁም፤ ምንም አላልኩም። አንዷ ትንሽ ቆማ ጠበቀች፤ የምናገረው ያለ መስሏት ነው። ከዚያ ሄደች።

ዮዲ የለችም። ከቀጠሮዋ አንድ ወር አለፈ። ሮዳስን በቀን አንዴ «ነገርሻት?» እላታለሁ። «መሳቢያውን ነግሬያታለሁ፣ አታጨናንቀኝ» ትላለች።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ሩፋኤል ነው። ዝናቡ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ወረደ። ተሰልፈው የነበሩት እንኳ ሊጠመቁበት ወደ ሜዳው ወጡ፤ ሕፃናቱ ራቁታቸውን ይጮኻሉ። በረንዳው ላይ ማንም አልቀረም።

ሲስተር ፈርዶሳ በጓሮ በር ገባች። «ዮዲ በር ላይ ናት። እርስዎ እዚህ ካሉ አልገባም ብላለች።»

ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ሆኜላት! ማኅበሬን ያጣሁት፣ በስተርጅና ማስጠንቀቂያ የበላሁት፣ ለማን ብዬ ነው? ይህንኑ ለሲስተር ተናገርኩ፤ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም። እሷ በሩን ከፍታ ይዛ ቆመች። ዮዲ የለመነችኝ ነገር እንደሌለ ያኔ ትዝ አለኝ።

መስኮቱን ዘጋሁ። ኮቴን ደረብኩ።

በሩ ላይ ሻርፕ አድርጋ ቆማለች፤ ከሥሩ ጸጉሯ ገና አጭር ነው። ከስታለች። ጨዋ ስለሆነች ጎንበስ አለችልኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

«ጋሼ፣ ራቅ ይበሉ።»

«እስከ የት?»

«እስከማላይዎት።»

ጋራዡን አልፌ፣ መኪኖች የሚራገፉበት መጋዘን ጋ ደርሼ ቆምኩ። ዝናቡ አናቴን መታኝ። ብዙ ቆየች። ከቀጠሮዋ ስድስት ሳምንት አልፏታል፤ ከመርፌው በፊት የእርግዝና ምርመራ እንዳለ ሲስተር ነግራኝ ነበር። ከምርመራው በኋላ ሁለት መልስ ነው ያለው። አንዱን ለመስማት ጸለይኩ፣ ከዚያ ለሱም መጸለይ የኔ ድርሻ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

ስትወጣ በኔ በኩል መጣች፤ የታክሲው መንገድ በዚያ ነው። እንዳለሁ አላወቀችም። ፊቷን ካየሁ አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ መስኮት ፊት ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ዞርኩ። ኮቴዋ ጭቃውን እየረገጠ ከኋላዬ አለፈ። አልፈጠነም፣ አልዘገየም።

ሲስተርን አልጠየቅኳትም። መዝገቡ ጠረጴዛዋ ላይ ተከፍቶ ነበር፤ በጎኑ አልፌ መስኮቴን ከፈትኩ።

ሮዳስ ማታ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባችና «መጣች እንዴ?» አለችኝ።

«ማን?» አልኳት።